በመርፌ የተሰፋ ማጣሪያ

ታላቅ ወንድሟ የሞተር ሳይክሏን የአየር ማጣሪያ አውጥቶ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው፤ ሞተሯ በአራተኛው ቀን እያሳለች መንገድ ላይ መቆም ስትጀምር ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሞታለች» አለና በኪሎ ሊሸጣት ከብረት ገዢ ጋር ተስማማ። ሶፋ ሠሪዋ ይህን የሰማችው ከወንድሟ አፍ ሳይሆን ከግድግዳው ነው። መታጠቢያ ቤት ቆማ ጥርሷን ስትቦርሽ፣ ሳሎን ሆኖ በስልክ የሚያወራው በስስ ግድግዳ አልፎ መጣላት። «አሮጊቷን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መጥተህ ውሰዳት። አትነሳም። ጥግ ይዛ ቤት ከማጣበብ በቀር የምትሠራው ነገር የለም። አዎ፣ እንዳለች፣ በኪሎ።» ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ወዲያው ከኩሽና የእናታቸው ድምፅ ተሰማ።

«እኔን ነው?»

ማንም አልሳቀም። ሞተሯን ሰፈሩ በሙሉ አሮጊቷ እያለ ነው የሚጠራት፤ እናትየዋም ይህን አጥታው አይደለም። ግን ቃሉ አንዴ ከአፉ ወጥቶ ሳሎኑ መሃል ተቀምጧልና የሚያነሳው ጠፋ። ሶፋ ሠሪዋ አፏ አረፋ እንደሞላ፣ ብሩሿን እንደ ቢላ ይዛ ወጣች። ወንድሟ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ባለፈው ዓመት በነፃ ያደሰችለት ሶፋ ላይ።

«ማን ሽጥ አለህ?»

«መጀመሪያ አፍሽን ተጉመጥመጪ።»

«ማን ሽጥ አለህ ነው ያልኩህ!»

«ሞተሩ አልቋል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ከእኔ በሁለት ዓመት ነው የሚያንሰው፣ ገባሽ?»

«ታዲያ አንተን ለምን በኪሎ አንሸጥህም?»

እናትየዋ በኩሽናው በር ላይ ሆና ከንፈሯን ነከሰች፤ ለሳቅ ይሁን ለቁጣ አይታወቅም። ወንድምየው ግን ነገሩን በእርጋታ ማስረዳት ጀመረ፤ እርጋታው ነው ሁልጊዜ ደሟን የሚያፈላው። ማጣሪያውን ያወጣሁት ለደግ ነው አለ። ስፖንጁ አርጅቶ በእጁ ሲነካው እየተፈረፈረ አስቸገረው፤ ጓደኞቹም አውጣላት፣ እንደ ልቧ ትተንፍስ አሉት፤ አወጣላት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። መተንፈስ አቅቷት ከሞተች እሱ ምን ያድርግ? የባለቤትነት ደብተሩ በእናታቸው ስም ነው፤ እናታቸው ዛሬ ትፈርማለች፤ ያለቀ ነገር ነው።

ያለቀ ነገር የሚባል ነገር አትወድም። ሞተሯን ከአራት ዓመት ወዲህ የምትነዳት እሷ ናት፤ በእሷ ነው የስፖንጅ ጥቅል፣ የጨርቅ ጣቃና የሚስማር መምቻዋን ጭና ከደንበኛ ደንበኛ የምትዞረው። ታክሲዎች ስፖንጅ ተሸክማ ሲያዩዋት እንዳላዩ ያልፋሉ፤ የቆመላትም ቢኖር «ጓደኛሽ ለብቻው ይከፍላል» እያለ በጥቅሉ ይቀልድባታል። የዛሬው ደግሞ የባሰ ነበር። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ ክሊኒክ የመጠበቂያ ክፍሉን ሠላሳ ስድስት ወንበሮች ሊያሳድስ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደርሳ ካልለካች ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯታል። ከዛሬው ልኬት በኋላ ደግሞ ሠላሳ ስድስቱን ወንበር በምን ልታመላልሳቸው ነው?

«ብትነሳስ?» አለች።

«አትነሳም።»

«ብትነሳስ እያልኩህ ነው።»

ወንድሟ ሳቀ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ፣ የውሃ ታንከሩን ዳገት ቀጥ ብላ ከወጣች፣ በኪሎ አትሸጥም። ቃሌ ነው። ይኸው እማዬ ምስክር ናት።»

ምስክሯ ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች።

ሦስት ተኩል ሲሆን ሶፋ ሠሪዋ የመለዋወጫ ሱቆቹን ዞራ ጨርሳለች። የመጀመሪያው ሻጭ የሞዴሉን ዓመት ስትነግረው ጓደኛውን ጠርቶ እንደገና አስነገራት፤ ሁለተኛው ፋብሪካው ራሱ ረስቷታል አላት፤ ሦስተኛው ለአዲስ ሞዴል የተሠራ ማጣሪያ አውጥቶ፣ ልኩ ሁለት ጣት እየጎደለ፣ ስትጠቀሚበት ይለጠጣል ብሎ ሊያሸክማት ፈለገ። ዋጋው ደግሞ ለእሷ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ይለጠጣል! ጫማ ነው እንዴ? አሮጌ ሞተር ሲያድን ፀጉሩን ወደጨረሰው ጋራዥ ባለቤት ሄደች። ሰውየው ከአንድ ሞተር ሥር በጀርባው ተኝቶ ስለነበር ለእግሮቹ ነው ያስረዳችው።

«ማጣሪያ ከሌላት አየር ያለ ልክ ትስባለች» አሉ እግሮቹ። «አየሩ ሲበዛ ነዳጁ ይሳሳል። ለዚያ ነው የምታስልሽ። አቧራውንም እንዳለ ትውጠዋለች፤ ትንሽ ብትቆይ ፒስተኗ ተበልቶ ቁጭ ይላል። ያለ ማጣሪያ ስንት ቀን ተነዳች?»

«አራት።»

«እግዜር ይወድሻል።»

«እኔ ብሠራውስ ጋሼ? ስፖንጅ አይደል?»

ሰውየው ከሥር ተስቦ ወጣና በጥቁር እጁ ራሱን አከከ። «ስፖንጅ ነው። ግን ስፖንጅ ሁሉ ስፖንጅ አይደለም።»

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ሶፋ መሰለሽ? ማንም አይቀመጥበትም እኮ!» ብሎ ሳቀ፤ ቀልዱ ለራሱ በጣም ስለጣመው ደገመው። ከዚያ ግን ክፉ ሰው አይደለምና የሚያውቀውን ሁሉ ነገራት። የስፖንጁን ጠርዝና ጠርዝ በማስቲሽ አጣብቂው። የሞተር ዘይት በቤንዚን አቅጥነሽ ንከሪው፤ ዘይቱ ነው አቧራውን የሚይዘው። ከዚያ ጨምቂው። «አጠጪያት፣ ግን አታስክሪያት» አለና ተመልሶ ከሞተሩ ሥር ገባ።

ቤት ስትደርስ ትልቁ ችግር የሽቦው ቀፎ ነበር። ስፖንጁ የሚለብሰው፣ እንደ ወንፊት የተሠራ ሞላላ የሽቦ ቀፎ አለ፤ እሱ ከሌለ ስፖንጁ ወደ ውስጥ ይሰበሰብና ሞተሯ ስፖንጁን ራሱን ትውጠዋለች። ወንድሟ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የጣልኩት አለ። የቆሻሻ በርሜሉን ገለበጠች፤ የለም። ግቢውን ዞረች፤ የለም። እጇን ልትታጠብ ኩሽና ስትገባ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ፣ ሳሙናው ከላዩ ተቀምጦ ውሃው ወደ ታች እየተንጠባጠበ፣ ቀፎው ቁጭ ብሏል። እናቷ ከቆሻሻው አንስታ፣ አጥባ፣ የሳሙና ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ሶፋ ሠሪዋ ሳሙናውን አንስታ ጠርዙ ላይ አስቀመጠችና ቀፎውን ወሰደች። እናቷ ድስት እያጠበች አየቻት። ሳሙናው ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ።

የእሷ መሥሪያ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረ፣ አንድ መስኮት ያለው ክፍል ነው። ስፖንጅ በየውፍረቱ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ፍርፋሪው ፀጉሯ ውስጥ፣ ኪሷ ውስጥ፣ አንዳንዴም ምግቧ ውስጥ ይገኛል፤ በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ልጆች ስትወጣ «ስፖንጅ መጣች» ይላሉ። ስድብ ነው ብላ አታውቅም። ስፖንጅን ዓይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ተጭና ትለየዋለች፦ ይህ ከሦስት ዓመት በኋላ ይሰምጣል፣ ይህ በሙቀት ይፈርሳል፣ ይህን የሸጠልኝ ሰው ሌባ ነው። ግን በስፖንጅ ውስጥ ተንፍሳ አታውቅም። አሁን ከየዓይነቱ አንድ አንድ ቁራጭ ቆርጣ አፏ ላይ እየለጠፈች መንፋት ጀመረች። ቢጫው፣ ውድ ለሆነ መቀመጫ የምታደርገው፣ ጭራሽ አላስተነፍስ አላት፤ ጉንጯ ብቻ ተነፋ። ነጩ በግድ አሳለፈላት። ግራጫው፣ ከውጭ የመጣ ማሽን ተጠቅልሎበት የነበረው፣ ቀዳዳው በዓይን የሚታየው፣ ትንፋሿን ሳይከለክል ከወዲያ በኩል መዳፏን አሞቀው። ይህ ጥሩ ነው። ቀጥላ ያስተነፈሷትን ሁለት ቁራጮች በብርጭቆ ቤንዚን ውስጥ ነክራ ሰዓት ያዘች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነጩ አብጦ እንደ ራሰ ዳቦ በጣቶቿ መሃል ተበጣጠሰ፤ ግራጫው ግን ስትጨምቀው ተመልሶ ቆመ።

«አንተ ነህ» አለችው።

ቀፎውን በጋዜጣ ላይ አንከባልላ ልኩን ወሰደች፤ ክብ ትራስ ሲቆረጥ የሚደረገው ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለውም። ረጅሙን ቁራጭ ለጎኑ፣ ሞላላውን ለጫፉ ቆረጠች። ማስቲሹን በሁለቱም ጠርዝ ቀባች፤ ጣት ሲነካው መጣበቁን እስኪያቆም ጠበቀች፤ ከዚያ አገናኝታ ተጫነችው። እንደዚያ ያማረ መገጣጠሚያ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ወንድሟ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «ባርኔጣ ነው?» ሲላት እንኳ ቀና ብላ አላየችውም። ዘይቱን በቤንዚን አቀጠነች፣ ማጣሪያውን ነከረችው፣ እጇን ልትጠርግ ዞር አለች።

ስትመለስ መገጣጠሚያው አፉን ከፍቷል። ማስቲሹ በቤንዚኑ ሟሙቶ እንደ ንፍጥ ይጎተታል፤ ጎኑ ተተረተረ፤ ጫፉ ለብቻው ተንሳፍፏል። ስፖንጁን ፈትናለች፤ ማስቲሹን ግን አልፈተነችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስለምትይዘው ጓደኛዬ ነው ብላ አመነችው! ሰዓቷን አየች፦ ሰባት ከሩብ። እናትና አባት የማይሰሙት ስድብ ተሳደበች፤ እናቷ ግን በሩ ላይ ቆማ ስለነበር ሰማች።

ሶፋ ሠሪዋ ሌላ ግራጫ ስፖንጅ አውጥታ እንደገና ቆረጠች፤ ከመሳቢያዋ የሶፋ መስፊያውን ቆልማማ መርፌና የናይሎን ክር አነሳች። ስፖንጅ መስፋት ቀላል አይደለም። ክሩን ካጠበቁት ይቆርጠዋል፣ ላላ ካደረጉት አቧራ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይሆናል፤ ጠርዝና ጠርዙ ተሳስሞ እንዲቆይ ደግሞ አንድ ሰው መያዝ አለበት። እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሳትጠየቅ ያዘችላት። ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ አንዷ እየያዘች አንዷ እየወጋች ጎኑን ጨረሱ። የእናትየዋ ጣቶች መርፌው በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ቀድመው ዞር ይሉ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተወጉም። ከውጭ የወንድምየው ሬዲዮ ይሰማል፣ ዜና አንባቢው ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። ሶፋ ሠሪዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ልትፈርሚለት ነው?»

እናቷ ስፖንጁን አገላብጣ አየችው።

«እዚች ጋ ላልታለች» አለች። «ጠበቅ አድርጊያት።»

ሶፋ ሠሪዋ አጠበቀችው። ማጣሪያው ከሳጥኑ ጋር በሚገጥምበት አፍ ዙሪያ ለሶፋ ጠርዝ የምትጠቀምበትን ስስ ቆዳ ሰፋች፤ ቆዳውን ግሪስ ቀባችው፣ አቧራ በጎን እንዳይሾልክ። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ግን በበር ሥር ነፋስ በሚገባበት ቤት ውስጥ ላደገ ሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ነከረችው፤ ጠበቀች። አልተፈታም። በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ ጨመቀችው፣ ቀፎው ላይ አለበሰችው፣ የሞተሯን የጎን ክዳን በካቻቢቴ ፈታ አስገባችው። እጇ እስከ ክንዷ ጥቁር ሆኗል። ስምንት ከሃያ።

የማስነሻውን ፔዳል ረገጠች፤ ምንም። ረገጠች፤ አሳለች። በሦስተኛው ተነሳችና ግቢውን በጥቁር ጭስ ሞላችው። ወንድሟ አፍንጫውን ይዞ «ቀብሯ ላይ እንኳ ሰው ታስቸግራለች» አለ። ሶፋ ሠሪዋ አጠፋቻት። አስክሬያታለሁ ማለት ነው። ማጣሪያውን አውጥታ ፎጣውን ቀይራ ዘይቱን እንደገና ጨመቀችው፤ እጇን ብቻ ሳይሆን ክርኗንና ጉልበቷንም ጨምራ ጨመቀችው። መለሰችው። ረገጠች። አሁን ጭሱ ቀጠነ፣ ጠፋ፤ ድምፁ ከማሳል ወደ መንተክተክ፣ ከመንተክተክ ወደዚያ ወደምታውቀው ወፍራም፣ ስድ ድምፅ ወረደ። ነዳጅ ሰጠቻት፤ አልጠፋችም። ጨመረችላት፤ ጮኸች እንጂ አልጠፋችም።

የራስ ቁሯን እንኳ በደንብ ሳታስር ወጣች። የውሃ ታንከሩ ዳገት ጭነት መኪኖች ሁለት ጊዜ የሚያርፉበት ነው፤ በግራና በቀኝ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ለሚወጣው ሁሉ ይወራረዳሉ። አንዱ «ትቆማለች!» ብሎ ጮኸ። በሦስተኛ ማርሽ ገባች፤ መሃሉ ላይ ወደ ሁለተኛ አወረደቻት፤ ከፊቷ የሚያዘግም አንድ የጭነት መኪና አቧራውን ሁሉ ፊቷ ላይ ደፋባት። ይደፋ! ዛሬ አቧራውን የሚይዝላት አለ። መኪናውን በቀኝ አልፋ ታንከሩ ሥር ደረሰች፣ ዞረች፣ ስትወርድ ያን የጮኸውን ሰውዬ ፈልጋ በጥሩምባ አደነቆረችው። ልቧ ውስጥ ያደረው ደስታ አልነበረም። አሳየኋችሁ የሚል ነገር ነው፤ ከደስታ የበለጠ የሚያጠግብ።

ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ግቢ ስትገባ ብረት ገዢው ሚዛኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ከሩቅ ድምፁን ሰምቶ ኖሮ ዓይኑ ሞተሯ ላይ ነው። ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ ሰማት፣ እጁን የጭስ ማውጫዋ አፍ ላይ አድርጎ አሸተተ። «ሞታለች ያለው ማነው?» አለ።

«ተሻላት» አለ ወንድምየው፣ ፊቱ በርቶ። «እንግዲህ በኪሎ የሚባል ነገር የለም ጌታዬ። እንደ ሞተር ነው የምንነጋገረው።»

ሶፋ ሠሪዋ የራስ ቁሯን እጇ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። «ቃልህስ?»

«ቃሌን መቼ አጠፍኩ? በኪሎ አትሸጥም አልኩ፤ ይኸው በኪሎ አልሸጥኳትም። አራት እጥፍ ታወጣለች! እጅሽ ይባረክ እህቴ፣ እውነቴን ነው።» ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ሰውየውን አስቀድሞ ሳሎን ገባ። እናታቸው ከኋላ ተከተለች። በሩ ክፍት ስለነበር ወረቀቱ ሲዘረጋ፣ ወንበር ሲሳብ፣ እስክሪብቶ ሲፈለግ ይሰማል።

እሷ ግቢው ውስጥ ቆመች። ሞተሯ ገና ትኩስ ነበረች፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ይላል። ልጩህ ብላ አሰበች፤ መጮህ ለወንድሟ ልማዱ ነው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ልለምን ብላ አላሰበችም። ከኪሷ ካቻቢቴውን አወጣች፣ የጎኑን ክዳን ፈታች፣ ማጣሪያውን ከነቀፎው አውጥታ ክዳኑን መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ዘይት የሚያንጠባጥበውን ነገር በመዳፏ ይዛ ሳሎን ገባች።

እናቷ እስክሪብቶውን ይዛለች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ማጣሪያው የእኔ ነው» አለች ሶፋ ሠሪዋ። «ከሞተሩ ጋር አልሸጠውም።»

ወንድሟ ሳቀ። «ስፖንጅ ነው እኮ!»

«ስፖንጅ ከሆነ ስፋ።»

ብረት ገዢው ሁለቱንም አየና ወደ ሞተሯ ወጣ። ሦስቱም በስሱ ግድግዳ ሰሙት፦ አንድ ርግጫ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሞተሯ ተነሳች፤ ሰውየው ነዳጅ ሲሰጣት አሳለች፣ ተኮሰች፣ ጠፋች። እንደገና ተነሳች፣ አሳለች፣ ጠፋች። ሰውየው እጁን እየጠረገ ተመለሰ። «ያቺን ነገር ይዛ ከሆነ እንደ ሞተር። ካለዚያ እኔ ብረት ነው የምገዛው፣ በኪሎ።» ወደ ሶፋ ሠሪዋ ዞረ። «ስንት ትይኛለሽ እሷን?»

«አትሸጥም።»

«በኪሎም ይሁን!» አለ ወንድምየው፤ እርጋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎት ሄደ። «ይሁን በቃ! እማዬ ፈርሚ።»

እናትየዋ የሴት ልጇን እጅ እያየች ነበር፤ ጥቁሩን፣ ጣቱ ላይ የክር ምልክት የቀረበትን።

«ይህን ለመሥራት ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» አለቻት።

«ቀኑን ሙሉ። አይተሽኝ የለ?»

እናትየዋ ወደ ወንዱ ልጇ ዞረች። «አንተስ ለማውጣት?»

 ጠዋት አፉን ሞልቶ «አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም» ያለው ሰው አሁን ወረቀቱን ያስተካክላል፣ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያጋጥማል።  እስክሪብቶው በእናትየዋ ጣቶች መሃል ነው፣ ወረቀቱን አልነካም፣ አልተቀመጠምም። እንደዚያው አየር ላይ ቆየ። ብረት ገዢው ሚዛኑን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

ሶፋ ሠሪዋ ትፈርም አትፈርም ብላ አልጠበቀችም። ማጣሪያውን በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከሜትሯና ከመቀሷ ጋር ከተተችው። ክሊኒኩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በእግር ይደረሳል፤ ሲሮጡ ደግሞ ጊዜ ተርፎ ይደረሳል።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ወንበር ልለካ። ስመለስ ሞተሯ እዚህ ከቆየች እሰካላታለሁ፤ ከሌለች ደግሞ ማጣሪያው አለኝ፣ ሞተር እፈልግለታለሁ።»

ወንድሟ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት፣ እሷ ወጥታ በሩን ዘጋችው።